ፋየርዎሉን እዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ከመትከልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ በአንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ለእናቱ ነው። ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ ፎርም ይሞላበታል፣ ጉርድ ፎቶ ይታተምበታል፤ ኔትወርክ ሲኖር ከሞደም ወይም ከስልክ ሆትስፖት ጋር ይገናኛል። ለፋየርዎል ብቻ ብሎ ሌላ ኮምፒዩተር መግዛት ቅንጦት ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ የተማረ ዘመድ ያለው ባለቤት ታዲያ አንድ ዘዴ ይነገረዋል፦ ቨርቹዋልቦክስ ይጫን፣ በውስጡ በሚፈጠረው ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒዩተር ውስጥ እንዳለ ሌላ ኮምፒዩተር) ፒኤፍሴንስ ወይም ኦፒኤንሴንስ የሚባለው ነፃ ፋየርዎል ይነሣ፣ ዊንዶውሱም ኢንተርኔት የሚያገኘው በዚያ በኩል ብቻ ይሁን። መሥራቱንስ ይሠራል። የሚያዋጣው ግን ለጥቂቶች ነው።

የሚፈሩት ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት ይህን ይመልሱ። ደንበኛ ፍላሽ ሰክቶ «ይችን አትምልኝ» ሲል የሚገባው ቫይረስ፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው፣ በኔትወርክ አያልፍም፤ ፋየርዎሉ አያየውም። ስጋትዎ ፍላሽ ከሆነ እዚሁ ላይ ያቁሙና ገንዘብና ጊዜዎን በጸረ ቫይረስና በመጠባበቂያ ቅጂ ላይ ያውሉ።

ተጠቃሚው በገዛ እጁ አውርዶ የሚጭነውንም ፋየርዎል ብዙ አያግደውም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ታኅሣሥ ወር የካናዳው ሲቲዝን ላብ ያወጣው ጥናት በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች እንዴት እንደተሰለሉ አሳይቷል። ኢሜይል ይደርሳቸዋል፤ ሊንኩን ሲጫኑ ቪዲዮ የሚያሳይ የሚመስል ገጽ ይከፈትና «ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ» ይላቸዋል። የሚወርደው ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። በሩን የከፈተው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ፣ ለፋየርዎሉ ይህ ተራ የድረ ገጽ ጉብኝት ነው።

ፋየርዎል በደንብ የሚያስቆመው ማንም ሳይነካው ከውጭ በኔትወርክ የሚመጣውን ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ግንቦት ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ በፖርት 445 በኩል ነበር ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚዘለው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ግን ሁለት ወር ቀድሞ፣ በመጋቢት ነው። በዚያ ላይ ከ2004ቱ (እ.ኤ.አ.) የኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ጀምሮ የዊንዶውስ የራሱ ፋየርዎል ሳይነግሩት በርቶ ይመጣል፤ ሞደሙና ሆትስፖቱም ኮምፒዩተርዎን ከውጭ በቀጥታ እንዳይታይ ይከልሉታል። የሆቴል ዋይፋይ ሲጠቀሙ ግንኙነቱን «ፐብሊክ» ማድረግ ብቻ ብዙ ይጠቅማል።

የዊንዶውስ አፕዴት ፓኬጄን ጨረሰብኝ ብለው ከሆነ ደግሞ በዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ግንኙነቱ የሚቆጠር መሆኑን የሚናገሩባት ማብሪያ አለች። እሷን ያብሩ። ለዚህ ቨርቹዋል ማሽን አያስፈልግም።

እውነት ኢንተርኔቱ በፋየርዎሉ በኩል ብቻ ያልፋል?

ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የኔትወርክ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ሲከፍቱ ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረው ያያሉ። የቨርቹዋልቦክስ ብሪጅ ድራይቨር ብቻ ምልክቱ እንዳለበት ይቆይ፤ የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4፣ ቨርዥን 6 እና የፋይል ማጋሪያው ምልክት ይነሣ። 4ን አንሥቶ 6ን የተወ ሰው በሩን ዘግቶ መስኮቱን ከፍቷል። ዊንዶውሱ አድራሻ የሚያገኘው ቨርቹዋልቦክስ ከሚፈጥረው ሆስት ኦንሊ ከተባለው ካርድ ነው፤ ጌትዌዩም የቨርቹዋል ማሽኑ አድራሻ ይሆናል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቨርቹዋል ማሽኑን ያጥፉና አንድ ድረ ገጽ ይክፈቱ። ከተከፈተ ፋየርዎልዎ ጌጥ ነው።

ከዋይፋይ ጋር ብሪጅ ማድረግ ያስቸግራል፤ ብዙ የዋይፋይ ካርዶች በአንድ ግንኙነት ሁለት አድራሻ አይቀበሉም። ኬብል ይመረጣል።

ከሥሩ ያለው ማነው?

ከኔትወርክ የሚመጣው የዳታ ጥቅል ቨርቹዋል ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያርፈው በዊንዶውሱ ድራይቨር ላይ ነው። ዊንዶውሱ ከተበከለም ፋየርዎሉን ማጥፋት ይችላል፤ ዘበኛው የሚኖረው በሚጠብቀው ሰው ፈቃድ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ማምለጥም አለ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ግንቦት የታወቀው ቬኖም የተባለ ቀዳዳ፣ ኪውኢሙ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ውስጥ ባለው የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያ ኮድ ውስጥ ነበር፤ ፍሎፒ ማንም በማይጠቀምበት ዘመን፣ በእሱ በኩል ከቨርቹዋል ማሽን ወጥቶ ሆስቱን (ዋናውን ኮምፒዩተር) መያዝ ይቻል ነበር።

ፋየርዎልን በቨርቹዋል ማሽን የማኖርን ሐሳብ በወጉ የሠራው በ2012 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ቅጂው የወጣው ኪዩብስ ኦኤስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። የኔትወርክ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን ይሰጣል፣ ፋየርዎሉን በሌላ ያስቀምጣል፣ ዋናው ሲስተም ግን ኔትወርክ የሚባል ነገር የለውም። ለዚህ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ቪቲዲ የሚባለውን መደገፍ አለባቸው፤ ራሙም ቢያንስ 6 ጊጋ፣ ቢቻል 16 ይሁን። ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ ከሆኑ በዊንዶውስ ላይ እየቀጣጠሉ ከመሥራት ይህን ያስቡበት።

ራም

ፒኤፍሴንስ ቢያንስ 1 ጊጋ ይፈልጋል። ባለ 4 ጊጋ ኮምፒዩተር ላይ ፎቶሾፕ የሚሠሩ ከሆነ ይተውት።

መብራት ሲጠፋስ?

መብራት ሄዶ መጣ። ደንበኛ ፎርሙን ይዞ ቆሟል። ዊንዶውሱ ይነሣል፣ ቀጥሎ ቨርቹዋልቦክስ፣ ቀጥሎ ፋየርዎሉ፤ እስከዚያ ኢንተርኔት የለም። ሠራተኛዋ አንድ ሁለት ቀን ትታገሣለች፤ በሦስተኛው ያንን የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ሳጥን መልሳ ምልክት አድርጋበት ሥራዋን ትቀጥላለች፤ እውነቷን ነው። ቨርቹዋልቦክስ ማሽኖቹን በራሱ እንዲያስነሣ ለየብቻው፣ ለምሳሌ በታስክ ስኬጁለር፣ ማዘዝ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ የራሱ የሆነው ሃይፐርቪ በራሱ ያስነሣል፤ ግን በዊንዶውስ ሆም ላይ የለም። ድንገት መብራት መጥፋቱ የቨርቹዋሉን ዲስክ ሊያበላሽ ስለሚችል ሲጭኑ ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሲስተም ይምረጡ፤ የቅንብሩን ፋይል ኮፒ አድርገው በሌላ ፍላሽ ያኑሩ።

ኔትወርኩም እንደ መብራቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁሉም ያውቀዋል። አፕዴት የማያገኝ ፋየርዎል እያረጀ ይሄዳል። መጫኛውን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሲሄዱ አውርደው፣ ቼክሰሙን አመሳክረው ይዘው ይምጡ።

ለመማር ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬውኑ ይጀምሩ፣ ቢበላሽ ቨርቹዋል ማሽኑን ሰርዘው እንደገና ይጭናሉ። ሱቁን ለመጠበቅ ከሆነ ግን ራሱን የቻለ ዕቃ ይበልጣል፦ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው የተጣለ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ወይም ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ሲስተም የሚቀበል ያገለገለ ራውተር። ራውተሩን ከመግዛትዎ በፊት ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖ የቨርዥን ቁጥሩ ከተለያየ ውስጡ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የሚቀበለውን ሌላው አይቀበልም።