17 የፊልም ጥቅሎች

ፊልም አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። በነጭ ሸራ ላይ ሰው ሲሄድ፣ በሬ ሲያርስ፣ ወንዝ ሲፈስ ይታያል። ዛሬ የምናነበው ፊልም ሲያነሣና ሲያቀናብር ስለኖረ አንድ ፈረንሳዊ ነው። ስሙ ረኔ ቮቲዬ ይባላል። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሥራውን እንወቅ። በእሱ ዘመን ፊልም እንደ ጠፍር ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ዕቃ ይቀመጣል። ካሜራ ያነሣው ሁሉ ለሕዝብ አይታይም። አቀናባሪ የሚባል ሰው አለ፤ ይቆርጣል፣ የማይፈልገውን ይጥላል፣ የቀረውን ይቀጥላል። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። የሞላ ጎተራ አሳይቶ የሚስቅ ሰው ቢያስከትል፣ «ይህስ ጠግቧል» ትላላችሁ። ያንኑ ጎተራ አሳይቶ በረኃብ የሚያለቅስ ልጅ ቢያስከትል ግን፣ «እህሉ የማን ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ጎተራው ያው ነው።

ቮቲዬ በ1928 ብሪታኒ በሚባለው የፈረንሳይ ጠረፍ ተወለደ። ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ ገና ጎረምሳ ሳለ ተዋጋቸው። ከዚያ ፓሪስ ገብቶ የሲኒማ ትምህርት ተማረ። በ1949 አንድ የትምህርት ማኅበር ፈረንሳይ ትገዛው ወደነበረው ምዕራብ አፍሪካ ላከው። «የገጠሩን ሰው ኑሮ አንሥተህ ለተማሪዎቻችን አምጣልን» አሉት። ዕድሜው 21 ነበር፤ እኛም በዚያው ዕድሜ ላይ ስላለን ነገሩ ልባችንን ነክቶታል።

ሄዶ ያየው እንደተነገረው አልሆነም። በኒጀር ወንዝ ግድብ ላይ፣ የሰው ጉልበት ከማሽን ይረክሳል ተብሎ፣ ሰዎች የውኃውን በር በእጃቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። በአይቮሪኮስት ፓላካ የምትባል መንደር ግብሯን አልጨረሰችም ተብላ ወታደር ዘመተባት፤ ቤት ተቃጠለ፣ የመንደሩ ሹም ተገደለ። በ1934 የወጣ ሕግ ደግሞ ያለ ገዥው ፈቃድ ፊልም ማንሣትን ይከለክላል። እሱ ግን አነሣ። 50 ጥቅል ፊልሙን ያዙበት። ማስመለስ የቻለው 17 ብቻ ነው። ከእነዚያ ቀጣጥሎ «አፍሪካ 50» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ ከሩብ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ለዚህች አጭር ፊልም ተከሶ ታሰረ። ፊልሟም ከ40 ዓመት በላይ ታገደች፤ ሰው በድብቅ ነበር የሚያያት።

በ1954 አልጄሪያውያን ለነጻነታቸው ጦርነት ጀመሩ። ቮቲዬ ካሜራውን ይዞ ኦሬስ ተራሮች ገባና ከተዋጊዎቹ ጋር ሆኖ «አልጄሪያ በእሳት» የተባለውን ፊልም አነሣ። ያቀናበረው በምሥራቅ ጀርመን ነው። እዚያው ጦር ሜዳ ላይ ቆስሎ የካሜራው ስብርባሪ ራሱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። በኋላም አብሯቸው የቆመላቸው አልጄሪያውያን ራሳቸው ጠረጠሩትና ከሁለት ዓመት በላይ አሰሩት። እኛን ከሁሉ የገረመን ይህ ነው። ሰውዬው ተፈትቶ ቂም አልያዘም። አልጄሪያ በ1962 ነጻ ስትወጣ አልጀርስ ተቀምጦ ወጣቶችን ካሜራ አያያዝና ቅንብር አስተማረ። ከእነሱም ጋር በ1963 አንድ ፊልም ሠራ። ፊልም ወደ ሕዝቡ እየተወሰደ ይታይ፣ ሰዉም ካየ በኋላ ይወያይበት ነበር።

ወደ አገሩ ተመልሶ አልጄሪያ የዘመቱ ብዙ ፈረንሳውያን ወታደሮችን አነጋገረ። ከሰማውም በመነሣት በ1972 «ሃያ ዓመት በኦሬስ» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ በካን ከተማም ተሸለመ። በ1961 ፓሪስ ውስጥ ፖሊስ አልጄሪያውያን ሰልፈኞችን ገድሎ ነበር። ይህን የሚናገር የሌላ ሰው ፊልም ታግዶ ስለነበር፣ ቮቲዬ በ1973 ለ31 ቀን እህል ሳይቀምስ አደመ። ፈቃድም ተሰጠ። የሞተው በ2015 ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራ ቢሰጣችሁ ከመንደራችሁ መጀመሪያ ምን ታነሣላችሁ? ከእሱስ ቀጥሎ ምን ታስከትላላችሁ?