ለራስህ ጸሐፌ ትእዛዝ አትሁን

እነዋሪን የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሜዳዋ ነው የሚያውቃት፤ በመረሬ አፈሯ፣ በጤፏና በስንዴዋ፣ ለፋሲካ አዲስ አበባ በሚገባው የጅሩ ሰንጋ። ሜዳው ግን ማለቂያ አለው። ወደ ጀማ ወንዝ አቅጣጫ ስትዘልቅ መሬቱ ድንገት ከእግርህ ሥር ይከዳሃል። ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተንጣለለው ደጋ አፋፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆረጥና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል እየተንጠላጠሉ ሣር ፍለጋ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ማታ በመጡበት ይመለሳሉ። በዚያ አገር የገደልን ነገር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደብተር ይዘው ግን አያውቁም።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያነሳብኝ አንድ የእነዋሪ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከአፋፉ ተፈንቅለው በወደቁ፣ ከሰው ቁመት እምብዛም በማይበልጡ ጥቋቁር ቋጥኞች ላይ መውጣት ይለማመዳል። ከሥር ገለባ የሞላ ጆንያ ይደረድራል፤ ጓደኛው እጁን ዘርግቶ ከኋላ ይጠብቀዋል። በስልኩ የሚያያቸው የውጭ አገር ዐለት ወጪዎች የወጡትን ሁሉ እንደሚመዘግቡ ሰምቶ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ እኔም ልጻፍ እንዴ? ጭላዳ ሳይጽፍ ይወጣ የለ?» አለኝ።

ሳቄን ስጨርስ የመለስኩለት ይህን ነው፦ ጭላዳ ዛሬ የሚወጣው ትናንት የወጣበትን ነው። አንተ የምትፈልገው ትናንት ያቃተህን መውጣት ነው። ትናንት ምን እንዳቃተህ ካላወቅህ ደግሞ በምን ትወጣዋለህ?

ይህን ለማለት ያበቃኝ የራሴ ውርደት ነው። ከዓመታት በፊት በዚያው በእነዋሪ በኩል ወደ ቆላው ወርጄ በእግሬ ተመልሼ ወጥቼ ነበር። ዐለት መውጣት እንኳ አይባልም፤ የእግር መንገድ ነው፤ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ እጅ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ጨዋታ ሁሉ «ያንን ዳገት እኮ በአንድ ትንፋሽ ነው የወጣሁት» ስል ኖርኩ። ዋሽቼ አይደለም፤ እንደዚያው ነበር የማስታውሰው። አንድ ቀን መደርደሪያ ሳጸዳ የዚያን ጊዜዋ ትንሽ ደብተር ወደቀች። በገዛ እጄ እንዲህ ጽፌአለሁ፦ «ውሃዬ ከግማሽ በታች ሳለሁ አለቀ። አራት ጊዜ ተቀመጥኩ። ማሽላ የተሸከሙ እናት አልፈውኝ ሄዱ። ‹አይዞህ ልጄ፣ ደረስክ› አሉኝ። አልደረስኩም ነበር።»

ወዳጄ፣ ትዝታ ደግ ነው፤ የሚያሳፍረውን እየሸፈነ፣ የሚያኮራውን እያጎላ ያኖረናል። ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ ለዳገት ግን አይሆንም። ያቺን ገጽ ካነበብኩ በኋላ ወደዚያ ስመለስ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ያዝኩ፤ የምነሳበትንም ሰዓት በሁለት ሰዓት አስቀደምኩ። እንዲህ ካደረግሁ በኋላ የተቀመጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጉልበቴ አልጨመረም፤ እንዲያውም አርጅቻለሁ። የጨመረው ስለ ራሴ ያለኝ እውቀት ነው።

ስለዚህ መልሴ «አዎ፣ ጻፍ» ነው። ግን እንዴት እንደምትጽፍ ተጠንቀቅ። እኛ ዜና መዋዕል የጻፍን ሕዝብ ነን። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን የመሰሉ ሊቃውንት የነገሥታትን ውሎ አስፍረው ባያኖሩልን ኖሮ ብዙ ነገር አጥተን ነበር። ሆኖም የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ንጉሡን ሲደክም፣ ሲፈራ፣ መንገድ ሲስት ብዙም አያሳይህም፤ ሥራው አይደለም። ለራሱ ደብተር የሚይዝ ሰው ሳያውቀው የገዛ ራሱ ጸሐፌ ትእዛዝ ይሆናል፦ «ዛሬ ትልቁን ቋጥኝ ድል አደረግሁ።» እሺ፣ በየት በኩል? በስንተኛው ሙከራ? የግራ እግርህ የት ላይ ነበር? እጅህ ሲንሸራተት ምን እያሰብክ ነበር? የድል ዜና ብቻ የያዘ ደብተር ከፎቶ አይሻልም፤ ፎቶ እንኳ ቢያንስ ያምራል።

አሌክስ ሆኖልድን ስሙን ሰምተህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2017 በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ የሚገኘውን፣ 900 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመውን ኤል ካፒታን የተባለ ዐለት ያለ ገመድ በ3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ የወጣ አሜሪካዊ ነው። ሰው የሚያወራለት ያንን ቀን ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ይህ ሰው የወጣቸውን መንገዶች በትናንሽ ደብተሮች እየመዘገበ ነው የኖረው። ያንን ግድግዳ በገመድ ታስሮ ደጋግሞ አጥንቶታል፤ አስቸጋሪው ቦታ ላይ የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው እግር እንደሚቀድም በቃሉ እስኪወጣው ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2016 መኸር ያለ ገመድ ጀምሮ፣ ልቡ እሺ ስላላለው ትቶ ተመልሷል። እስኪ አስበው፤ የፊልም ካሜራ ዙሪያውን ከቦት «ዛሬ አይደለም» ብሎ መመለስ! ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወጣው። ያለ ገመድ መውጣቱን አደራህን እንዳትቀዳ። ደብተሩን ግን ቅዳ።

የገደል መዝገብ ለእኛ አገር እንግዳ የሚመስለው ካለ፣ ከእነዋሪ አፋፍ ቁልቁል ይመልከት። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በ1520 እ.ኤ.አ.፣ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከመልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲጓዝ ዛሬ ወንጭትና ጀማ የምንላቸውን ሸለቆዎች ወርዶ ወጥቷል። አገራችን ስድስት ዓመት ቆይቶ ተመለሰ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ገደሉ ሲጽፍ፣ የአገሩ ሰው ቦታውን የሚጠራበትን ስም በፖርቱጋል ፊደል እንደምንም ጠምዝዞ አስፍሮታል፤ ትርጉሙንም «የአህዮች ሞት» ብሎ ነግሮናል። አህያ ፈጅ! ከዚህ በላይ የመንገድ መረጃ ምን አለ? ስንት ክንድ እንደሆነ ሳይለካ፣ ስንት እንስሳ እንደቀረበት በሁለት ቃል ተነገረ። አልቫሬዝ የጀግንነቱን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም ነበር። የጻፈው መንገዱ ያደረገበትን ነው።

መቼም ስለ መውጣት ስናወራ አባቶቻችን «ወጣ ወጣና እንደ ሸምበቆ፣ ተንከባለለ እንደ ሙቀጫ» ያሉትን መዝለል አይቻልም። ስለ ትዕቢተኛ የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ለተራራ ሰው ቃል በቃል ይሠራል። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ያለውን ማተርሆርን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት ኤድዋርድ ዊምፐርና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1865 ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሰባት ነበሩ። ሲወርዱ አንዱ ተንሸራተተ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ አራቱ ገደል ገቡ። ብዙዎቻችን ደብተር ብንይዝም ጫፉ ላይ ስንደርስ ነጥብ እናስቀምጣለን። አንተ ከዚያ ቀጥል። ስትወርድ ጉልበትህ ተንቀጠቀጠ? ጨለመብህ? በየት በኩል መውረድ ነበረብህ? ከገጹ ግማሹ የቁልቁለቱ ይሁን።

ዐለቱንም ጻፈው። ይህ ነገር እንደ እነዋሪ ባለ ቦታ ሀብት ነው። አናት ላይ ያለው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጠንካራ፣ አንዳንዱ እንደ ምሰሶ የተሰነጠቀ፣ ግን በስንጥቁ በኩል ቋጥኝ ሙሉውን ነቅሎ ሊሰጥህ የሚችል። ወደ ጀማ ስትወርድ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የአሸዋ ድንጋይ ዝናብ ሲጠጣ ይደክማል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ያን ጊዜ የጨበጥከው ጫፍ እጅህ ላይ ይቀራል። ስለዚህ «ደረቅ ነበር» ብለህ አትለፍ፤ ዝናብ ከጣለ ስንት ቀን እንደሆነው ጻፍ። ሁለት ክረምት ከጻፍክ በኋላ ያንን ድንጋይ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። የጅሩ ሰንጋ አድላቢ በሬውን መቼ እንዳሰረው፣ ምን እያበላው እንደቆየ ጠይቀው፤ አንድም ቀን አይስትብህም። ሙያ እንዲህ ነው የሚገባው።

የሚቃወሙኝ አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። «ደስ ሲለኝ ልውጣ፤ ሁሉን ነገር ሒሳብ አታድርገው» ይሉኛል። እውነት አላቸው፣ ደብተሩ ቆጠራ ከሆነ። ስንት ወጣሁ፣ ማንን በለጥኩ፣ የትኛው ደረጃ ላይ ደረስኩ እያለ የሚጽፍ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለደብተሩ ሲል መውጣት ይጀምራል። እንዲያ ከሆነብህ ቁጥሩን ተወው። ሦስት መስመር ይበቃል፤ በዚያው ቀን፣ ሳትተኛ፣ እጅህ ገና እያቃጠለህ። የት፣ ምን ሆነ፣ በሚቀጥለው ምን ልቀይር። ከዚያ ደብተሩን ዘግተህ ሽሮህን ብላ።

ደግሞ ያንተ ደብተር ያንተ ብቻ ሆኖ አይቀርም ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዘመን በዌልስ ተራሮች ሥር ፔን ዪ ጉሪድ በሚባል ሆቴል ውስጥ ዐለት ወጪዎች አዲስ ያገኙትን መንገድ የሚጽፉበት፣ ቁልፍ ያለው መዝገብ ነበር። ዛሬ ሱቅ የሚሸጡት የዐለት መንገድ መምሪያዎች አያቶቻቸው እንደዚያ ዓይነት ደብተሮች ናቸው። በዚያው በብሪታንያ አሁን የተራራ መሪ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ውሎውን የመዘገበበትን ካላቀረበ ለፈተና አይቀመጥም። በእኛ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት ከጓደኞቿ ጋር ወደ ገርዓልታ የአሸዋ ድንጋይ ግንቦች መጥታ ወጣች፤ በዓመቱ መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው። መልካም አደረገች። የጀማን አፋፍ ግን በአማርኛ፣ «መጨበጫው»፣ «ማረፊያው»፣ «አህያ ፈጁ» እያለ የሚጽፈው የእነዋሪ ልጅ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ነግሬው ተለያየን። ከሁለት ወር በኋላ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ ላይ ጭቃ ነክቶታል። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ጥቅምት 9። ትልቁ ቋጥኝ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ወደቅሁ። ጫማዬ ላይ መረሬ ነበር፤ ሳልጠርግ ነው የወጣሁት። ጆንያው ወደ ግራ መጠጋት አለበት። እሑድ ጫማዬን አጥቤ እመለሳለሁ። አንድ ጭላዳ ቁጭ ብሎ እስክጨርስ ድረስ አየኝ።»