ጫትና የአእምሮ ሕመም አብረው ሲመጡ

ከቀትር በኋላ የጨፋ ሜዳ ይግላል። ከብቱ ወደ ቦርከና ዳር ይወርዳል፤ ሰውም ጥላ ይፈልጋል። ከሚሴም ቢሆን፣ ጨፋ ሮቢትም ቢሆን፣ ሰንበቴም ቢሆን በዚያ ሰዓት ቡና ይፈላል፤ ጫት ይቀርባል። በወሎ ጫት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎች ለወዳጃ ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ ቡናውና ጫቱ ከመካከላቸው አይጠፋም። ሌሊት ማሳ የሚጠብቅ ገበሬም እንቅልፍ እንዳይጥለው ይቅማል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ጫት የሚቅመውን ሁሉ ለመውቀስ የተጻፈ አይደለም። የተጻፈው ጫቱ አልለቅ ላለውና በዚያ ላይ አእምሮው ለታመመ ሰው ነው፤ ለቤተሰቡም ጭምር።

በመጀመሪያ የጫትን ሥራ እንወቅ። በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ። ቅጠሉ በቆየና በደረቀ ቁጥር ይህ ነገር ይቀንሳል። ነጋዴው ጫቱን እርጥብ እንደሆነ ጠቅልሎ በሩጫ ወደ ገበያ የሚያደርሰው ለዚሁ ነው። ሊቃውንት ካቲኖንን ለይተው ያገኙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ነው፤ ነጋዴው ግን ስሙን ባያውቅም ጠባዩን ከእነሱ በፊት ያውቅ ነበር። ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አድራሽ ያበዛል። እንቅልፍ ይጠፋል፤ ረሃብ ይረሳል፤ ጨዋታው ይጥማል። ይህ ምርቃና ነው። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርትና ብስጭት ይመጣል። በማግሥቱም ሐራራው ይጣራል።

ብዙ ይቅም የነበረ ሰው ሲተው ሌሊት ዱካክ ይይዘዋል። ክፉ ሕልም ያያል፤ ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠበት ይመስለዋል፤ ልጩህ ቢል ድምፁ አይወጣም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ጅን ነው ይላል። ዱካኩን ፈርቶ ወደ ጫቱ የሚመለስም አለ። ነገሩ ግን ሰውነት የለመደውን ሲያጣ የሚያሳየው ምልክት ነው፤ ቀን እያለፈ ሲሄድ ይለቃል።

አሁን አንድ ቤት እናስብ። በቤቱ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ አለ። ጎበዝ አራሽ ነበር። ከዓመት ወዲህ ጧትም ማታም ይቅማል። ሌሊት አይተኛም። ብቻውን ያወራል። ጎረቤቶቹ ሊመርዙት እንደሚፈልጉ ይናገራል፤ እናቱ ያቀረበችለትን እንጀራ እንኳ አይበላም። እናትዬው «ጫቱ ነው ያሳበደው» ትላለች። አጎቱ «የለም፣ ቀድሞም ነክቶታል፤ ጫቱ ኋላ የመጣ ነው» ይላል። ክርክሩ ወራት ይፈጃል። በዚህ መካከል አንዱ በሬ ይሸጣል፤ ልጁም እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ጓዳ ይቀመጣል።

ከእናትና ከአጎት ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ጫት በራሱ ሰውን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ጫቱን ሲያቆም በአጭር ጊዜ ሊሻለው ይችላል። ሌላው ደግሞ ሕመሙ ቀድሞ ይጀምረዋል፤ እንቅልፍ ማጣቱና ፍርሃቱ ሲያስጨንቀው መሸሻ ብሎ ወደ ጫት ይገባል፤ ጫቱም ሕመሙን ያብስበታል። ሐዘን የደረሰበት፣ ጦርነት ያየ ሰውም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእንቅልፍ ነገር የተበላሸበት ሰው በየቀበሌው አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው «ጫት ተው» ብቻ ቢሉት ምን ይተካበት?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የቱ ቀደመ የሚለው እስኪጣራ ሕክምናው አይቆይም። ጫቱን ብቻ አስጥለው ሕመሙን ቢተዉት ፍርሃቱ እንዳለ ይቀራል፤ ልጁም ተመልሶ ይቅማል። ኪኒኑን ብቻ እየሰጡት ጫቱን እንደ ልቡ ቢቅም ደግሞ ኪኒኑ የሚያበርደውን እሳት ጫቱ ይቆሰቁሰዋል። ለሕመሙ የሚሰጠው መድኃኒት የዶፓሚንን ሥራ ይገታል፤ ጫት ዶፓሚንን ያበዛል። በአንድ በሬ ቀንበር ላይ ሁለት ሰዎች በሁለት አቅጣጫ ሲጎትቱ ማለት ነው። ደግሞም በርጫ ላይ የዋለ ሰው የኪኒኑን ሰዓት ይረሳዋል። ስለዚህ አንድ ሐኪም ወይም አንድ ነርስ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መከታተል አለበት። ቤተሰቡም ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ጫቱን መደበቅ የለበትም። በቀን ስንት እስር እንደሚቅም፣ አረቄ ይጨምርበት እንደሆነ በትክክል ይነገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ!

ይህ ጉዳይ የጨፋ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በታተመ ጥናት፣ በቡታጅራና በአካባቢዋ ከ10,000 በላይ ጎልማሶች ተጠይቀው ግማሽ የሚሆኑት ጫት እንደሚቅሙ ተናግረዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ሕክምናው ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ዛሬ የጨፋ ሰው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ከሚሴ ሆስፒታል ይሂድ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ደሴ ይልኩታል። አዲስ አበባ ድረስ ለመሄድ ሌላውን በሬ መሸጥ አያስፈልግም።

መድኃኒቱ የሚዋጥ አለ፤ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋም አለ። ኪኒን መዋጥ ለሚረሳ ወይም ለማይወድ ሰው መርፌው ይሻላል። ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሕመሙን ይመልሰዋል። በረመዳን ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይታያል። ሰውየው ኪኒኑን «ፆም ነኝ» ብሎ ይተዋል፤ ጫቱን ግን ከኢፍጣር በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ይቅማል! ፆሙ ሳይገባ ነርሱን ማማከር ነው። ብዙውን መድኃኒት ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። ሕመሙ የጠናበት ሰው ደግሞ ፆም እንደማይገደድ ሼሁ ራሳቸው ይነግሩታል። ዱዓና ኪኒን ጠበኞች አይደሉም። እንዲያውም ሼሁ «መድኃኒትህን ዋጥ፣ ቀጠሮህን አክብር» ያሉት ሰው ከነርሱ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል።

ጫትን ማቆም ያደክማል፣ ያስተኛል፣ ያስከፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሕይወትን አያሰጋም። ቢሆንም አንዳንዱ በዚያ ሰሞን ከባድ ሐዘን ይገባዋል፤ ሞቱን የሚመኝም አለ። እንዲህ የሚል ሰው ብቻውን አይተው፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይወሰድ። አረቄ ግን ሌላ ነው። ከተማ ላይ ምርቃናውን ለማብረድ አረቄ የሚጨምሩ አሉ፤ ጨብሲ ይሉታል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊያንፈራግጠው፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ አረቄን ቤት ዘግቶ ማስጣል አይገባም። በሐኪም እጅ ይሁን።

ሰንሰለቱስ? ቤተሰቡ ጨካኝ ሆኖ አይደለም ያሰረው፤ ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይመታ ፈርቶ ነው። ሆኖም ብረቱ እግር ያቆስላል እንጂ ፍርሃትን አያወጣም። መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጀምር ዘመድ ተራ ገብቶ ይጠብቀው። የቀትሩ ሰዓት ዋናው ነው፤ ሐራራው የሚመጣው ያን ጊዜ ነውና። በዚያ ሰዓት ከብት ውኃ ማውረድ፣ ቦይ መጥረግ፣ ከማይቅም ዘመድ ጋር ቡና መጠጣት ይቻላል። ጓደኞቹም ቢሆኑ እሱ ባለበት ጫት ባይዘረጉ ትልቅ ውለታ ዋሉለት ማለት ነው። አንድ ቀን ተሸንፎ ቢቅም ጩኸትና ስድብ አያስፈልግም፤ በቀጠሮው ቀን ለነርሱ ይነገር፤ ሕክምናውም ይቀጥል።

ጥያቄዎች

1. የእናትና የአጎት ክርክር ልጁን የጎዳው እንዴት ነው?
2. ጫትን ከማቆም አረቄን በድንገት ማቆም ለምን ይበልጥ ያሰጋል?
3. በቀበሌያችሁ ታስሮ የሚኖር ሕመምተኛ አለ? ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ማን ከማን ጋር ቢነጋገር ይሻላል?