ፍርስራሽን እንደ ሰነድ ማንበብ፦ በጎንደርና በጣና ዙሪያ የሚገኙ ግንቦች የጉዳት ታሪክና የጥገና ጥያቄ

አኅጽሮተ ጥናት

የፈረሰ ግንብ ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በጎደለው ነገር ነው፤ ጣሪያው፣ ፎቁ፣ በሩ እየተባለ። ይህ ጽሑፍ በጎንደርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚገኙ የነገሥታት ሕንፃዎችን መነሻ በማድረግ ጉድለቱ ራሱ የታሪክ ምንጭ መሆኑን ያሳያል። መተው፣ ቃጠሎ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የአየር ድብደባና ያልተስማማ ጥገና በግድግዳ ላይ የሚተዉት ምልክት የተለያየ ነው። ምልክቶቹ ሳይለዩ የሚጀመር ጥገና ሕንፃውን ቢያቆምም ማስረጃውን ሊያጠፋ ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በተለየ ካልተጠቀሰ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የነገሥታቱን ዋና ግንብ ሲገልጽ፣ አብዛኛው ክፍል በተለያየ ጊዜ በደረሰበት ቃጠሎ መፍረሱን፣ የታችኞቹ ሁለት ፎቆች ግን ገና ለመኖሪያ ያገለግሉ እንደ ነበር ጽፏል። ይህ ምስክርነት አንድ የተለመደ አስተሳሰብ እንደገና እንዲመረመር ያስገድዳል። ግንቦቹ ነገሥታቱ በነበሩበት ዘመን ሙሉ ነበሩ፣ የፈረሱትም ከተማዋ መናገሻነቷን ካጣች በኋላ ነው የሚለው ትረካ ከዐይን ምስክሩ ቃል ጋር አይጣጣምም። ፍርስራሽና ቤተ መንግሥት በአንድ ዘመን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ኖረዋል።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም መልሱ ሥራ ይጠይቃል፦ ዛሬ የሚታየው እያንዳንዱ ጉዳት መቼ፣ በምንና በማን ደረሰ?

ሁለት ዓይነት ፍጻሜ

ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ደንቀዝ የዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) መናገሻ ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበሉትና በ1626 ለሮም ታማኝነታቸውን በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ፊት ያረጋገጡት በዚሁ ዘመን ነው። እምነቱ ያስነሣው ጦርነት አገሩን ካደማ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። አዲሱ ንጉሥ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም በጎንደር አቋቋሙ። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ፣ ኢየሱሳውያኑ የሠሩት፣ ዛሬ ማርያም ግንብ የሚባለው ሕንፃም ባለቤት አልባ ሆነ። በደንቀዝና በማርያም ግንብ የውድቀቱ መነሻ የፖለቲካና የሃይማኖት ውሳኔ ሲሆን፣ ውሳኔውን የፈጸሙት ዝናብ፣ የዛፍ ሥርና ጊዜ ናቸው።

የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ዕጣ ግን የተለየ ነው። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ ከፋሲለደስ በኋላ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በየተራ ገንብተዋል። ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ሕንፃ ታክሏል፤ የቆየውም እንደ ሁኔታው ታድሷል፣ አገልግሎቱ ተቀይሯል ወይም ተትቷል። ስለዚህ በደንቀዝ ለመረዳት የሚቻለው አንድ ረጅም የመተው ዘመን ሲሆን፣ በጎንደር ግን የተደራረቡ ብዙ ዘመናት ይነበባሉ።

በአንድ ከተማ የተደራረቡ ጉዳቶች

የቀዳማዊ ኢያሱ (1682–1706) ግንብ ለዚህ መደራረብ ዋና ምሳሌ ነው። በ1704 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እንደ ጎዳው ይነገራል፤ በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደብድቧል። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ ቢሆንም፣ የዛሬው ተመልካች የሚያየው አንድ ጣሪያ አልባ ግንብ ብቻ ነው።

በሁለቱ መካከል ከተማዋ ሌሎች መከራዎችንም አይታለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1864 እና በ1866 ጎንደርን አስዘርፈዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ አቃጥለዋታል። በጥር 1888 ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ከ1936 እስከ 1941 የጣሊያን ጦርና አስተዳደር ግቢውን ለራሱ አገልግሎት አውሎታል። እነዚህን ክስተቶች ሁሉ «ጊዜ አፈረሰው» በሚል አንድ ሐረግ መጠቅለል ለጎብኚ ይበቃ ይሆናል፤ ለተመራማሪ ግን አይበቃም።

ምልክቶቹን መለየት

የጉዳት ምክንያቶች የሚለዩት በዋናነት በሦስት ነገሮች ነው፦ በቦታ፣ በቅርጽና በቅደም ተከተል።

መተው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጣሪያው ሲከፈት ውኃ በግድግዳው አናት ይገባል፤ ወለልና ጣሪያ የተሸከሙት የእንጨት ወራጆች ይበሰብሳሉ፤ ፎቁ ይወድቃል። ወራጆቹ ያረፉባቸው ቀዳዳዎች ግን በግድግዳው ላይ ተሰልፈው ስለሚቀሩ፣ የጠፋው ፎቅ ቁመትና የወራጆቹ ውፍረት ከእነርሱ ሊለካ ይችላል። በቀዳዳው ውስጥ የበሰበሰ እንጨት ርዝራዥ ከተገኘ ምክንያቱ መተው መሆኑን ያመለክታል፤ ከሰል ከተገኘ ወደ ቃጠሎ ይመራል። ቃጠሎ ከዚህ ሌላ የድንጋዩን ገጽ ይልጣል፤ ብረት አዘል አፈር ያለበትን ልስንም ያቀላል።

የመሬት መንቀጥቀጥ በግድግዳ ላይ ሰያፍ ስንጥቆችን ይተዋል፤ ከቅስቶችም አናት ያለውን ድንጋይ ወደ ታች ያንሸራትታል። የአየር ድብደባ ጉዳት በአንድ አቅጣጫና በአንድ ቦታ የተወሰነ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ግድግዳ ደህና ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሰዎች ድንጋይ ለሌላ ግንባታ የወሰዱበት ቦታ ደግሞ በተጠረበው ድንጋይ መጥፋት ይታወቃል፤ ከበርና ከመስኮት ዙሪያ በጥንቃቄ የተጠረበው ድንጋይ ሲነሣ ከግድግዳው ውስጥ ያለው ያልተጠረበ ሙሌት ይቀራል።

የትኛው ጉዳት እንደ ቀደመ የሚታወቀው አንዱ ሌላውን ሲያቋርጥ ነው። ስንጥቁ በልስኑ ውስጥ ካለፈ ከልስኑ በኋላ የመጣ ነው፤ ልስኑ ስንጥቁን ከሸፈነው ደግሞ አንድ ሰው ጉዳቱን አይቶ ጠግኖታል ማለት ነው። ብሩስ ያያቸው የታችኞቹ ፎቆች እንዴት ለመኖሪያነት እንደ ቆዩ የሚነግረን እንዲህ ያለ የድሮ ጥገና ነው።

ኖራው የያዘው ጥያቄ

የማያያዣው ጉዳይ ለዚህ ክርክር ልዩ ክብደት አለው። የኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ለግንባታ የሚሆን ኖራ በአገሩ የታወቀው በሱስንዮስ ዘመን፣ ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት ነው። ከጣና ምሥራቅ፣ በእንፍራዝ አቅራቢያ በኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ ግን በተለምዶ የሚሰጠው ለዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ነው። በመሆኑም በጉዛራ ግድግዳ ውስጥ ያለው ማያያዣ ምንነት፣ የመጀመሪያው ግንባታ አካል ወይም የኋላ ጥገና መሆኑ፣ የሕንፃውን ዘመን ብቻ ሳይሆን የጎንደር ኪነ ሕንፃ ከየት ተነሣ የሚለውንም ጥያቄ ይነካል።

ኖራ ሲቃጠል የቀረ የከሰል ፍንካች በካርቦን 14 ሊመረመር ይችላል። ይሁን እንጂ ዘዴው ከ1650 ገደማ ወዲህ ላለው ጊዜ ሰፊ የዘመን ክልል ስለሚሰጥ፣ ለጎንደር ሕንፃዎች ብቻውን አያስተማምንም። ለቀደመው የጉዛራ ጥያቄ ግን ዋጋ ይኖረዋል፤ ይህም የሚሆነው ናሙናው ሳይነካ ከቆየ ነው።

ጥገና እንደ ሌላ ድርብ

በጣሊያን ዘመን በጎንደር የተደረገው ጥገና ስሚንቶና የብረት ኮንክሪት ተጠቅሟል። ስሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ውኃ ግን በቀላሉ አያስተነፍስም። በግድግዳው ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በድንጋዩና በቀድሞው ኖራ በኩል ይወጣል፤ የሚያጓጉዘውም ጨው ገጻቸውን ይሸረሽራል። በኋለኞቹ ጥገናዎች ስሚንቶው እየተነሣ በኖራ እንዲተካ መደረጉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ እርምት ተገቢ ቢሆንም የራሱን ጥያቄ ያስነሣል። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ እንዲቆም፣ የየዘመኑም ተገቢ አስተዋጽኦ እንዲከበር ያዛል። ስሚንቶውም በበኩሉ የአንድ ዘመን ምስክር ነው። ሕንፃውን ስለሚጎዳ መነሣት ይኖርበታል፤ የት እንደ ነበር፣ ምን እንደ ሸፈነ ሳይመዘገብ ቢነሣ ግን የወረራው ዘመን ታሪክ አንድ ገጽ አብሮ ይጠፋል።

ማጠቃለያ

ፋሲል ግቢ፣ ማርያም ግንብና ጉዛራ የተካተቱበት ቅርስ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የቅርስ ጥናትና ጥበቃ በፈቃድ እንዲመራ ደንግጓል። ሕጉ መኖሩ ግን በግድግዳው ላይ ያለውን ማስረጃ በራሱ አያድንም። ጥገና ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ ድንጋይ በድንጋይ በሥዕል መነሣት፣ ስንጥቁ፣ የወራጅ ቀዳዳውና ልስኑ በቅደም ተከተላቸው መመዝገብ፣ ከየማያያዣው ናሙና ተወስዶ መቀመጥ ይኖርበታል። በአካባቢው የሚኖሩ አረጋውያን ስለ ድንጋዩ መነሣትና ስለ ቀደሙት ጥገናዎች የሚያውቁትም የዚሁ ሰነድ አካል ነው።

ለተመራቂ ተማሪዎች ይህ ሰፊ የሥራ መስክ ነው። የብሩስን ቃል ከአንድ የተወሰነ ግድግዳ፣ ከአንድ የተወሰነ ቃጠሎ ጋር ማገናኘት ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል፤ ግድግዳው በአዲስ ልስን ከመሸፈኑ በፊት ከተሠራ።