የራስን መሥሪያ ቤት ማጥናት፦ የመጠይቅ መልስ እውነተኛነት በቢዝነስ አስተዳደር የመመረቂያ ጽሑፎች

የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትን በማታ መርሐ ግብር የሚከታተሉ ብዙ ተማሪዎች በቀን የባንክ፣ የኢንሹራንስ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሚመርጡትም ብዙ ጊዜ የሚሠሩበትን ተቋም ነው። የፈቃድ ደብዳቤ ቶሎ ይገኛል፤ አሠራሩም ይታወቃል። ይሁን እንጂ መጠይቁን የሚሞላው ባልደረባ አጥኚውን ያውቀዋል፤ መልሱ አለቃው ዘንድ ይደርሳል ብሎም ሊሰጋ ይችላል።

ይህን ስጋት የተለመዱት የስታቲስቲክስ መመዘኛዎች አያሳዩም። በያማኔ ቀመር መሠረት የሠራተኛው ብዛት 400፣ የስሕተት ወሰኑም 5 በመቶ ከሆነ ናሙናው 200 ይሆናል። ቀመሩ የሚመለከተው ግን ከናሙና አወሳሰድ የሚመጣውን ስሕተት ብቻ ነው። «የቅርብ አለቃዬ ፍትሐዊ ነው» ለሚለው ዐረፍተ ነገር መላሾቹ ከአንገት በላይ «እስማማለሁ» ካሉ የናሙናው መብዛት ስሕተቱን አያርመውም።

ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው አልፋም እንዲሁ ነው። ውጤቱ 0.70 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መጠይቁ አስተማማኝ ነው ተብሎ ይታለፋል። አልፋ የሚለካው ግን የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መጣጣም እንጂ የመልሱን እውነተኛነት አይደለም። የፈሩት ለሁሉም ጥያቄ ከፍተኛ ነጥብ ሲሰጡ፣ ያልፈሩት ደግሞ ዝቅተኛ ቢሰጡ፣ ፍርሃቱ ራሱ አልፋን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

መፍትሔው የሚያውቁትን ተቋም መተው ሳይሆን የመረጃ አሰባሰቡን ማስተካከል ነው። አንደኛ፣ መጠይቁ በኃላፊዎች እጅ ሳያልፍ በታሸገ ሣጥን ቢሰበሰብ ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የሥራ ክፍል፣ ጾታ፣ ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን በአንድነት ከተጠየቁ በትንሽ ክፍል ውስጥ መላሹ ስሙን ባይጽፍም ይታወቃል፤ ስለዚህ ለትንተናው የማያስፈልገው ሊቀር ይገባል። ሦስተኛ፣ የአመራር ጥራትና የሥራ አፈጻጸም ሁለቱም ከአንድ ሰው በአንድ ቀን ከተጠየቁ የሚገኘው ዝምድና ከመላሹ ስሜት የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ አፈጻጸሙን በተቻለ መጠን ከተቋሙ መዝገብ ማመሳከር ያሻል። አራተኛ፣ አጥኚው በተቋሙ ያለው የሥራ ድርሻ በጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ በግልጽ ቢጻፍ አንባቢው ግኝቱን መመዘን ይችላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ የመጨረሻ ክፍል ለተቋሙ የሚቀርብ ምክረ ሐሳብ ነው። ሠራተኛው በፍርሃት የሰጠው መልስ ምክረ ሐሳብ ሆኖ ወደ አለቃው ሲመለስ፣ ጥናቱ ሊያርመው የተነሣውን ችግር የሚሸፍን ማስረጃ ይሆናል።