ሃያ ስምንት ጊዜ ሃያ ስምንት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ፣ የዛፍ ጥላ ሥር። ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ልጁ ተማሪ። በድሬ ወግ «አንተ» ይባባላሉ።

ልጁ፦ ጋሼ፣ አንድ ትልቅ ቁጥር ስጠኝ፤ ባሕርዩን አጥንታችሁ ኑ ተብለናል።

ጋሼ፦ አሮጌው ሐዲድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ወደ ሚሊ ሜትር ለውጠው።

ልጁ፦ 784,000,000።

ጋሼ፦ በትነው እንግዲህ። አሥር 2፣ ስድስት 5፣ ሁለት 7 ተባዝተው ነው የወጣው። የሁሉም ብዛት ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህ ካሬ ነው፣ 28,000 በ28,000።

ልጁ፦ አካፋዮቹስ?

ጋሼ፦ ከ2ቱ ምንም አለመውሰድ ትችላለህ፣ እስከ አሥሩም መውሰድ ትችላለህ፤ 11 ምርጫ። ከ5ቱ 7፣ ከ7ቱ 3። አባዛው፣ 231። ጎዶሎ ሆነ አይደል? አካፋይ ሁልጊዜ ከአቻው ጋር ነው፤ 1 ከቁጥሩ፣ 2 ከግማሹ። የ28,000 አቻ ግን ራሱ ነውና ብቻውን ይቀራል። በሜትር ከለካኸው ደግሞ 784,000 ይሆናል፤ 2ቱ ሰባት፣ 5ቱ ሦስት ይቀራሉ፣ ካሬነቱም ይጠፋል። ሐዲዱ ግን ያው ሐዲድ ነው!

28ን ደግሞ ተመልከታት። ከራሷ በታች ያሉትን አካፋዮቿን፣ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14ን ደምር፤ ራሷን ትሰጥሃለች። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ካህናት የፀሐይን ዐውድ 28 ዓመት ይሉታል፤ በጨረቃዋ 19 ሲያባዙት 532 ይወጣል፣ ዐቢይ ቀመር። ከ1 እስከ 7 ያሉትን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ ጽፈህ እርስ በርስ አባዝተህ ብትደምር ደግሞ 784 ይመጣል። መሐንዲሶቹ ይህን አስበው አልዘረጉትም፤ ዳገቱን ሲሸሹ እንዲህ ወጣላቸው።

ባቡሩ በፈረንጅ 1902 ድሬ ገባ፣ በ1917 አዲስ አበባ፤ ከዚያ ንጉሥ ሄደ፣ ደርግ መጣ፣ ሄደ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ አንዱ ሱፍ ለባሽ «ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ሐዲዳችን» አለ። ብድግ አልኩ። «16ቱን ኪሎ ሜትር ከየት አመጣኸው?» ብዬ ጮህኩ። 800 ውስጥ እኮ አንዲት 7 የለችም! 2 እና 5 ብቻ! ካሬም አይደለም! ሰዉ ዝም አለ። ሰብሳቢው በትሕትና «አባት፣ የጡረታ ጭማሪ ጥያቄዎን ተቀብለናል» አለኝ። አንድ ሙሉ አዳራሽ አጨበጨበልኝ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ «ጭማሪው ምን ደረሰ?» የሚለኝ አለ። 784 አልኩ እንጂ ብር አላልኩም!

ልጁ፦ የአዲሱ ባቡር ሐዲድ ስፋትስ? 1,435 ሚሊ ሜትር ነው አሉ።

ጋሼ፦ የኛው ድፍን ሜትር ነበር። ቆይ... 5 በ7 በ41። (ፈገግ አለ።) አንዲት 7 አለችው።