የተነቀለ መንጋጋ ጥርስ በምን ይተካል?

ጥያቄ፦ የ45 ዓመት የቡሬ ነዋሪ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት የታች መንጋጋ ጥርሶቼን አስነቅያለሁ። ቆሎም ሆነ ሥጋ የማኝከው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ኢምፕላንት ለእኔ ይሆናል? ሌላስ አማራጭ አለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥርስ ሲነቀል የያዘው አጥንት ሥራ ፈትቶ ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ አጠገቡ ያሉት ጥርሶችም ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። ስለዚህ ብዙ ባይቆዩ ይመረጣል።

ሦስት አማራጮች አሉ። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ዋጋው ይቀላል፤ የማኘክ ኃይሉ ግን ያንሳል። ድልድይ የሚባለው የማይወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከክፍተቱ ፊትና ኋላ ባሉ ጥርሶች ላይ ይታሰራል፤ ለዚህም ጤነኞቹ ይሞረዳሉ። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን ነው። ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፤ ጥርሱ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕድሜዎ አያግድዎትም። ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም ስኳር በሽታ ያለብዎት ከሆነ ግን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። የአጥንትዎ መጠን በራጅ መታየት አለበት። በመጀመሪያ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም የጥርስ ባለሙያ ያማክሩ፤ ለተከላው ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሊላኩ ስለሚችሉ የመመላለሻውንም ወጪ ያስሉ። እብጠት፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።